አምሮት ከየት ይመጣል? ሰውነት የጎደለውን ይጠይቃል ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ አምሮት የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ምክር ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ቆይቷል። ጭብጡ ባጭሩ ይህ ነው፦ አምሮት ሰውነት የጎደለውን ንጥረ ነገር የሚጠይቅበት መንገድ ነው፤ ስኳር እንደ ኮኬይን ያለ ሱስ ስለሆነ በአንድ ቀን ቆርጦ መጣል ይገባል፤ አምሮቱን መቋቋም ያቃተው ሰው ቆራጥነት የጎደለው ነው፤ አብዛኛው አምሮት ጥም ስለሆነ ውሃ ጠጥቶ ሃያ ደቂቃ መታገሥ ይበቃል፤ ቁርስ መዝለል ሆድን ያስለምዳል፤ ነፍሰ ጡር ደግሞ ያማራት ሁሉ ሊቀርብላት ይገባል፣ አለዚያ ሕፃኑ ምልክት ይዞ ይወለዳል።

ጸሐፊው ሰው እንዲጠቀም አስበው እንደጻፉ ያስታውቃል። ነገር ግን ይህን ከሚያነቡት መካከል ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎችና ነፍሰ ጡሮች አሉ፤ ለእነሱ አንዳንዱ ነጥብ አደገኛ ነው። ስለዚህ በየተራ እንየው። ዓመታቱን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የጎደለን ነገር ነው ወይ የሚያምረን?

ጸሐፊው ቸኮሌት ያማረው ሰው ማግኒዚየም ጎድሎት ነው ይላሉ። እንግዲህ እንመዝነው። 100 ግራም የወተት ቸኮሌት ውስጥ 60 ሚሊግራም ገደማ ማግኒዚየም አለ። በ100 ግራም ያልበሰለ ጤፍ ውስጥ 180 ገደማ፣ በተላጠ የዱባ ፍሬ ውስጥ ደግሞ ከ500 በላይ። ሰውነት ማግኒዚየም ፍለጋ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚያምረን የዱባ ፍሬ፣ ቀጥሎ እንጀራ በሆነ ነበር። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከአልጋ አስነሥቶ ጓዳ የሚያስገባን ግን ብስኩትና ቸኮሌት ነው።

ይህ በሙከራም ታይቷል። በ1994 የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ቸኮሌት አዘውትሮ የሚያምራቸውን ተሳታፊዎች አምሮቱ በያዛቸው ሰዓት አንዳንድ ነገር እንዲወስዱ አደረጉ፦ አንዴ እውነተኛ ቸኮሌት፣ አንዴ ነጭ ቸኮሌት፣ አንዴ የካካዎ ዱቄት የተሞላ እንክብል፣ አንዴ ምንም የሌለበት እንክብል። በካካዎው እንክብል ውስጥ የቸኮሌት ኬሚካሎች ነበሩ፤ ጎደለ የተባለው ሁሉ እዚያ ነበር። አምሮቱን ግን ከባዶው እንክብል የተሻለ አልመለሰውም። የካካዎ ዱቄት የሌለበት ነጭ ቸኮሌት ግን በከፊል መለሰው። ምላስ ላይ የሚቀልጠው ቅባት፣ ጣፋጭነቱ፣ ሽታው ነበር የተፈለገው። ይህን ውጤት ያዙት፤ ስለ ነፍሰ ጡር ስንናገር እንመለስበታለን።

ታዲያ አምሮት ከየት ይመጣል? ከመልመድ ነው። አንድን ምግብ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ፣ ከአንድ ሽታ ጋር ደጋግመን ስንበላ አእምሮ ሰዓቱንና ሽታውን ከምግቡ ጋር ያስተሳስራል። ከዚያ በኋላ ምልክቱ ብቻውን ይበቃል፤ ምራቅ ይሞላል፣ ሐሳብ ይያዛል። ቡና ሲቆላ ፈንዲሻ የሚያምረን፣ የዳቦ ቤት ጥግ ስናልፍ ያልራበው ሆዳችን የሚጮኸው ለዚህ ነው። ምልክቱን የፈጠረው ድግግሞሽ ስለሆነ ሰዓቱንና ቦታውን በመለወጥ ይላላል። መፍትሔውም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጸሐፊው ፈጽመው ተሳስተዋል ማለት ግን አይደለም። አምሮት በእርግጥ የጉድለት ምልክት የሚሆንባቸው ጥቂት ሁኔታዎች አሉ፤ ጥቂት ቢሆኑም ከባድ ናቸው። በ1940 በአሜሪካ ባልቲሞር የተመዘገበ ታሪክ አለ። ሦስት ዓመት ተኩል የሆነው ሕፃን ጨው እየላሰ ነበር የሚኖረው። ሆስፒታል ገብቶ እንደ ማንኛውም ሕፃን የተለመደው ምግብ ብቻ ሲሰጠው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተ። በኋላ እንደታወቀው ከኩላሊቱ በላይ ያሉት አድሬናል እጢዎች አይሠሩም ነበር፤ ሰውነቱ ጨው መያዝ ስለማይችል ጨው መላሱ ነበር ያኖረው። ስለዚህ ጨው እንደ ልማድ ሳይሆን ከቀድሞው በተለየ ሁኔታ እያማረው፣ አብሮም እየከሳ፣ እየደከመ፣ ሲቆም እየዞረበትና ቆዳው እየጠቆረ የመጣ ሰው ምክር ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልገው።

ሁለተኛው ለአገራችን ቅርብ ነው፦ አፈር፣ የግድግዳ ጭቃ፣ ከሰል፣ ጥሬ ሩዝ ወይም በረዶ ማማር። ምግብ ያልሆነ ነገር የሚያምራቸው ብዙዎቹ ብረት ጎድሏቸው ደም ያነሳቸው ናቸው፤ በብዛት ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት። የጸሐፊው አመክንዮ እዚህም ላይ ቢሆን ይሰናከላል፤ በረዶ ውስጥ ብረት የለም። አፈሩም ብረት ቢኖርበት እንኳ ሸክላነቱ በምግብ ውስጥ ያለውን ብረት አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀራል፣ የወስፋት እንቁላል ያስገባል፣ አንዳንዱም እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን አለበት። አፈር የሚበላ ሰው መመርመር ያለበት የደም ማነስን የሚያሳየውን ሄሞግሎቢን ነው፤ ሲቻል በሰውነት የተከማቸ ብረትን የሚያሳየውን ፌሪቲንም ጭምር። ለነፍሰ ጡር የሄሞግሎቢን መነሻ ልክ በዴሲ ሊትር ደም 11 ግራም ገደማ ነው፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ልኩ ከፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡሮች በቀን ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም ብረት ከ0.4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ጋር ይመክራል። ብረቱ ሲሞላ የበረዶው አምሮት ብዙውን ጊዜ ደሙ ገና ሳይስተካከል በፊት ይጠፋል።

የብረቱን እንክብል በምን መዋጥ እንዳለባችሁም ልብ በሉ። በ1983 በታተመ ጥናት ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ የሚመጠጠውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ በ64 በመቶ ቀነሰ። ቡናው ምግቡ ካለቀ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣም ጉዳቱ ያው ነበር፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ግን ምንም አልቀነሰም። ከምሳ በኋላ ቡና ማፍላት በለመደ ቤት ደም ያነሳት ሴት ካለች ቡናውን ከምሳ በፊት ማድረግ ወይም ሁለት ሰዓት ማዘግየት ነው። እንክብሉም በውሃ ይዋጥ፤ በወተት ወይም በሻይ አይዋጥ።

ስኳር፣ አይጦችና ጾም

ስኳር ከኮኬይን ይበልጣል የሚለው ወሬ መነሻው በ2007 ከፈረንሳይ ቦርዶ የወጣ ጥናት ነው። አብዛኞቹ አይጦች ከኮኬይን ይልቅ ጣፋጩን መረጡ። የሚዘነጋው ነገር ዋናው ጣፋጭ ሳካሪን መሆኑ ነው፤ ካሎሪ የሌለው ማጣፈጫ። ጥናቱ የሚያሳየው ጣፋጭ ጣዕም ለአይጥ ብርቱ ሽልማት መሆኑን ነው፤ ስኳር ሰውነትን እንደ ዕፅ ያስራል ማለት አይደለም። በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የተደረጉት ሌሎቹ የአይጥ ሙከራዎች ደግሞ ለጸሐፊው ምክር ቀጥተኛ መልስ ናቸው። ሱስ መሰል ባሕርይ ያሳዩት በየቀኑ 12 ሰዓት ምግብ ተከልክለው ከዚያ ስኳር የሚቀርብላቸው አይጦች ነበሩ። ስኳሩ ቀን ከሌት ፊታቸው የነበረላቸው አይጦች እንዲህ አልሆኑም። ያሳበዳቸው ክልከላውና የስኳሩ ድንገት መምጣት አንድ ላይ ነበር። ሰኞ ጠዋት ጣፋጭ በቃኝ ብሎ ረቡዕ ማታ አንድ ፓኬት ብስኩት የሚጨርስ ሰው የሚያልፍበት መንገድ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ የሚያነሣው ጥሩ ጥያቄ አለ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋና ቅቤ ሳንቀምስ እንውላለን፤ አምሮቱም ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ይቀልላል፤ ታዲያ መከልከል እንዴት አይሠራም?

ይሠራል፤ ግን በምን ሁኔታ እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። በ2010 የእስራኤል ተመራማሪዎች አጫሽ የሆኑ የበረራ አስተናጋጆችን አጠኑ። ሁሉም በበረራ ላይ ማጨስ አይችሉም። የሲጋራ አምሮታቸው የጨመረው ካጨሱ በቆዩበት ሰዓት ልክ ሳይሆን ማረፊያው ሲቃረብ ነበር። በአጭሩ በረራ መጨረሻ ላይ የነበረው አምሮት፣ በረጅሙ በረራ ላይ ያንኑ ያህል ሰዓት ካለፈ በኋላ ከነበረው የበረታ ነበር። እንደማያገኝ ያወቀ አእምሮ አይጠይቅም፤ አሁን ላገኝ እችላለሁ ሲል ይጠይቃል። ጾምም እንዲሁ ነው። መጨረሻው የታወቀ ነው፣ ቤቱ ሁሉ ይጾማል፣ ሥጋ ጓዳ ውስጥ የለም፣ በምትኩ የሚበላው ሽሮና ምስር ተዘጋጅቷል። ዶሮው ገበያ ሲወጣና የበዓሉ ቅቤ ሲነጠር አምሮቱ እንደገና የሚነሣው ደግሞ ማረፊያው ስለቀረበ ነው። ብቻውን ጣፋጭ እርም ያለ ሰው ግን ከእነዚህ አንዱም የለውም፤ ብስኩቱ መደርደሪያ ላይ ነው፣ ፍርዱም በየደቂቃው እንደገና ይሰማል።

ስለዚህ የምንመክረው እንዲህ ነው። የሚፈትናችሁን ምግብ ቤት ውስጥ አታስቀምጡ፤ ስትበሉት ግን በታወቀ ቀንና ልክ፣ ከምግብ በኋላ፣ ቁጭ ብላችሁ ብሉት። ለምሳሌ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አንድ ቁራጭ ኬክ፣ ከኬክ ቤት አንድ ብቻ ተገዝቶ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ለእንግዳ ብሎ ሙሉ ፓኬት ሲገዛ ነው።

የመጠጡ ስኳር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ላይ ማንኪያ ቆጥሮ መቀነስ ይቻላል። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሁለት በሁለት ማንኪያ 24 ግራም ይሆናል። ሁለት ብርጭቆ ሻይ በሁለት ማንኪያ 16 ይጨምራል፤ 300 ሚሊ ሊትር የሆነው የኮካ ጠርሙስ 32 ገደማ። ድምሩ 72 ግራም። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ 50 ግራም ነው፤ ከ25 ባይበልጥ ደግሞ የተሻለ ነው። ከሁለት ማንኪያ ወደ አንድ ተኩል ውረዱና ሁለት ሳምንት ቆዩ፤ ከዚያ ወደ አንድ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ግማሽ። ምላስ ጊዜ ይፈልጋል፦ በ2016 በታተመ ሙከራ ስኳር የቀነሱ ሰዎች ያንኑ ፑዲንግ ካልቀነሱት ይልቅ ጣፋጭ ሆኖ ያገኙት በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ነበር። ወደ ድሮው አመጋገብ ሲመለሱ ግን ለውጡ ቶሎ ጠፋ። የተለመደው ስሕተት ስኳሩን በማር መተካት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ማር 6 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ ከስኳሩ ማንኪያ ይበልጣል።

ቆራጥነት ስለጎደለ ነው?

አይደለም፤ ይህ ነጥብ ሰውን በከንቱ ያሳፍራል። ከ1944 እስከ 1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛና ፈቃደኛ ወጣቶች ለ24 ሳምንታት በቀን 1,600 ካሎሪ ገደማ ብቻ እየበሉ ቆዩ። የጦርነት ተጎጂዎችን ለመርዳት ብለው በመርሕ የገቡ፣ ከብዙዎች መካከል ተመርጠው የተወሰዱ ቆራጥ ሰዎች ነበሩ። ከክብደታቸው ሩቡን ሲያጡ ወሬያቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ የምግብ አሠራር መጻሕፍት እየሰበሰቡ ያነቡ ነበር፣ ሕልማቸውም ምግብ ነበር። 1,600 ካሎሪ ዛሬ በየቦታው ከሚታደለው የ1,200 ካሎሪ የክብደት መቀነሻ ዕቅድ ይበልጣል። በእንዲህ ያለ ዕቅድ ላይ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ዳቦ የሚያምረው ሰው ባሕርይው አልደከመም፤ ርቦታል።

እንቅልፍም እንዲሁ ነው። በ2004 በቺካጎ 12 ወጣት ወንዶች ለሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ተደረገ። ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን ሆርሞን ረዘም ላለ ሰዓት ከተኙበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር በ28 በመቶ ጨመረ፣ ጥጋብን የሚያሳውቀው ሌፕቲን በ18 በመቶ ቀነሰ፤ የመብላት ፍላጎታቸውም በተለይ ወደ ጣፋጭ፣ ጨዋማና ዱቄት ነክ ምግብ አደላ። የሌሊት ፈረቃ ጥበቃ፣ ነርስ፣ ሾፌር፣ በአረብ አገር ቤት እስከ እኩለ ሌሊት ቆማ ጎሕ ሲቀድ የምትነሣ እኅት፣ ለእነዚህ ሰዎች ጨክኑ ማለት ምክር አይደለም። ከፈረቃ በፊት የሚወሰድ አጭር እንቅልፍና ከቤት ይዘውት የሚወጡት ምግብ ይሻላቸዋል።

ውሃው፣ ሃያ ደቂቃውና አደጋው

ውሃ መጠጣት አይጎዳም። ጥም ብዙ ጊዜ አምሮት መስሎ ይመጣል ለሚለው ግን ጥሩ ማስረጃ የለም፤ ጥም ውሃን ነው የሚያስመኝ፣ አምሮት ደግሞ ሳምቡሳን። መለየት የሚያስፈልገው ረሃብንና አምሮትን ነው። ትናንት የተረፈ ሽሮ በእንጀራ ቢቀርብላችሁ ትበላላችሁ? አዎ ከሆነ ረሃብ ነው፤ ብሉ። ኬኩ ካልሆነ አይሆንም ካላችሁ አምሮት ነው።

ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን የሃያ ደቂቃውን ምክር ፈጽሞ እንዳይከተል። ድንገተኛ የጣፋጭ ፍላጎት ከላብ፣ ከእጅ መንቀጥቀጥ፣ ከልብ ምት መፍጠን ወይም ከመደናገር ጋር ከመጣ የደም ስኳር ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ በዴሲ ሊትር ደም ከ70 ሚሊግራም በታች ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ሃያ ደቂቃ መታገሥ ራስን እስከ መሳት ያደርሳል። ወዲያውኑ 15 ግራም ስኳር መውሰድ ያስፈልጋል፦ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጦ፣ ወይም 150 ሚሊ ሊትር ስኳር ያለው ለስላሳ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ለክቶ፣ ካልተነሣ መድገም፤ ሲነሣ ምግብ መብላት። ቸኮሌት ለዚህ አይሆንም፣ ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ ወደ ጤና ተቋም ነው የሚወሰደው።

ለሌላው ሰው መጠበቁ ይረዳል፤ ዋናው ነገር በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚደረገው ነው። ቋንቋችን እዚህ ላይ አንድ ነገር ይዟል፦ ሥጋ አማረኝ ስንል የሚያምረው ሥጋው ነው፣ በዓይነ ሕሊናችን አምሮ ታይቶናል ማለት ነው። አምሮት በእርግጥ በሥዕል ይኖራል። ስለዚህ የሚያባርረው ዓይነ ሕሊናን የሚሻማ ሥራ ነው። በእንግሊዝ የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎችን ለሦስት ደቂቃ ቴትሪስ የተባለውን ጡብ የመደርደር ጨዋታ ሲያስጫውቱ አምሮቱ ቀነሰ፤ በሌላ ሙከራ ሸክላ መሰል ነገር በእጅ መቅረጽም ረድቷል። 15 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድም የቸኮሌት አምሮትን እንደሚቀንስ በ2009 ታይቷል። በእኛ ቤት ምስር መልቀም፣ ጥልፍ፣ ጸጉር መሥራት ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ ብለን እናምናለን፤ ዓይንና እጅ አብረው ይያዛሉ። ሬዲዮ ማዳመጥ ወይም ተኝቶ ላለማሰብ መታገል ግን ሥዕሉን አይነካውም።

ቁርስ መዝለል

በ2013 በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ቁርስ የማይበሉ ወጣት ሴቶች ሦስት ዓይነት ሁኔታ ተሰጣቸው፦ ያለ ቁርስ፣ 13 ግራም ፕሮቲን ያለው ቁርስ፣ 35 ግራም ፕሮቲን ያለው ቁርስ። በባለ 35ቱ ቀን የማታ መቀማመሱ ቀነሰ። ጸሐፊው ካሉት ተቃራኒ ነው።

ሻይ በዳቦ ወይም ሻይ በፓስቲ ወደዚህ ልክ አያደርስም። ሁለት እንቁላል 12 ግራም፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ፕሮቲን አላቸው። ይህን ሁሉ በአንድ ቁርስ ማድረግ ለብዙ ቤት ይከብዳል፤ ባይሆን የመጀመሪያው ማዕድ ላይ ምስሩ ወይም ሽሮው ይብዛ፣ እንጀራው ይነስ። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ማዕዱን በሻይና በዳቦ ባይጀምረው ይሻለዋል፤ ባቄላው፣ ሽምብራው ወይም ምስሩ ይቅደም። በረመዳን ሱሁር ላይም እንደዚሁ። የስኳር ሕመምተኛ ግን ከመጾሙ በፊት መድኃኒቱን ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል።

የነፍሰ ጡር አምሮት

ምልክቱን በተመለከተ፦ በሕፃናት ቆዳ ላይ የሚታዩት ቀያይ ምልክቶች የደም ሥሮች ናቸው፣ ቡናማዎቹ የቆዳ ቀለም ሕዋሳት ስብስብ ናቸው። የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ትልቁ ቀይ ምልክት መንሥኤው በ2013 ተለይቷል፤ ጽንሱ ሲያድግ በአንድ ሕዋስ ውስጥ በአጋጣሚ የሚፈጠር የዘረመል ለውጥ ነው፤ ከእናቲቱ አምሮት ጋር አይገናኝም። ያማራትን ያላገኘች እናት በልጇ ፊት ላይ ላለው ምልክት ራሷን ስትወቅስ መኖሯ ያሳዝነናል፤ ባልና አማትም በዚህ ሊወቀሱ አይገባም።

ያማራት ይቅረብላት መባሉ ግን መልካም ልማድ ነው። እሷን ማሰብና ማክበር አለበት፣ በማቅለሽለሽ የከሳችም ሴት የሚገባላትን ማግኘቷ ይጠቅማታል። ችግሩ ጥሬ ሥጋ ሲያምራት ነው። በቁርጥና በጥሬ ክትፎ የኮሶ ትል ይተላለፋል፤ ከዚያ የከፋው ቶክሶፕላዝማ የተባለው በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተውሳክ ነው። እናቲቱ በእርግዝናዋ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተያዘች ወደ ጽንሱ አልፎ ዓይኑንና አንጎሉን ሊጎዳ፣ ወይም ሊያስወርዳት ይችላል። እሷ ግን ላያማት ይችላል። ለብ ለብ አይበቃም፣ መሐሉ ጥሬ ነውና። ሚጥሚጣና ሎሚም አይገድሉትም።

የተፈጨ ሥጋ መሐሉ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረስ አለበት። መለኪያ በሌለበት ቤት ሥጋው በስሱ ተዘርግቶ፣ እየተገላበጠ፣ ቅላቱ ፈጽሞ ጠፍቶ ውሃው ጥርት እስኪል ይብሰል። ጥሬውን የነካ ቢላዋና መክተፊያ ለሰላጣ ከመዋሉ በፊት በሳሙና ይታጠብ። ቅቤው፣ ኮረሪማውና ሚጥሚጣው ከምድጃ ከወረደ በኋላ ይግቡ፤ ሽታቸው የሚጠበቀው ያኔ ነው። በነጭ ቸኮሌቱ እንዳየነው አምሮትን የሚመልሰው ጣዕሙና ሽታው፣ አፍ ውስጥ የሚቀልጠው ቅባት ነው፤ ያ ሁሉ በበሰለው ክትፎ ውስጥ አለ።